ሎርድ ባይረንና ሚዛኑ

የማኅበራችን መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ ለዚህ ዓመት እትም ከሙያችን ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚጠቅም አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ብዙም ሳላመነታ የመረጥሁት የአንድ ባለቅኔን የሕይወት ታሪክ ነው። መሐንዲስ ስለ ባለቅኔ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ምክንያቴ አንድ ሚዛን ነው።

በለንደን ከተማ፣ በሴንት ጄምስ ጎዳና ቁጥር 3፣ አንድ አሮጌ የወይን ጠጅ መሸጫ ቤት አለ። ቤቱ ቀድሞ ቡና፣ ሻይና ቅመማ ቅመም ይሸጥበት ስለነበር የቡና ጆንያ የሚመዘንበት ትልቅ ሚዛን ነበረው። ከ1765 ጀምሮ የቤቱ ደንበኞች የሆኑ መኳንንት በዚሁ ሚዛን ላይ እየተቀመጡ ክብደታቸውን ያስመዝኑ ነበር፤ ውጤቱም በትልልቅ መዛግብት ይሰፍር ነበር። በጃንዋሪ 1806 በዚህ መዝገብ ከተጻፉት ስሞች አንዱ የ17 ዓመት ወጣት ስም ነው። ክብደቱ 13 ስቶን ከ12 ፓውንድ፣ ማለትም 88 ኪሎ ያህል ነበር። ይኸው ወጣት እስከ 1811 ድረስ በዚያው ሚዛን ላይ እየተመላለሰ ሲመዘን ከ20 ኪሎ በላይ መቀነሱ በመዝገቡ ይታያል። ወጣቱ ሎርድ ባይረን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ባይረን የተጻፈው ብዙ ነው። የፍቅር ታሪኩን፣ ግጥሙንና ለግሪክ ነጻነት መሞቱን የማያነሣ የለም። እኔ ግን ላወሳ የፈለግሁት ያ ሁሉ ዝና ያለው ሰው ከገዛ አካሉ ጋር ስላደረገው፣ ዕድሜውን ሁሉ ስላልበረደው ጠብ ነው። ይህ ዓይነቱ ጠብ የሴቶች ብቻ እንደሆነ አድርገን የምናስብ ብዙዎች ነንና።

ልደቱና እግሩ

ጆርጅ ጎርደን ባይረን ጃንዋሪ 22 ቀን 1788 በለንደን ተወለደ። አባቱ ካፒቴን ጆን ባይረን የሚስቱን ሀብት በቁማርና በቅንጦት አጥፍቶ ወደ ፈረንሳይ የሸሸ፣ በ1791ም እዚያው የሞተ ሰው ነበር። እናቱ ካትሪን ጎርደን የስኮትላንድ ባላባት ልጅ ስትሆን፣ ልጇን በአበርዲን ከተማ በጠባብ ኑሮ አሳደገችው። ቍጡና ወፍራም ሴት ነበረች። ልጇን ስትወድ ከልክ በላይ፣ ስትቆጣም ከልክ በላይ ነበር፤ በተቆጣች ጊዜ የእግሩን ጉድለት እየጠቀሰች ትሰድበው እንደነበር ይነገራል።

ሕፃኑ ሲወለድ ቀኝ እግሩ የተቆለመመ ነበር። በ1798፣ ገና በ10 ዓመቱ፣ የአያቱን ወንድም ማዕረግ ወርሶ 6ኛው ባሮን ባይረን ሆነ፤ በኖቲንግሃም አውራጃ የሚገኘውን የኒውስቴድን አሮጌ ገዳምም ተረከበ። ማዕረጉ ግን እግሩን አላቃናለትም። በኖቲንግሃም ከተማ ሐኪም ነኝ የሚል አንድ ሰው እግሩን በእንጨት መሣሪያ እያጣመመና እያሰረ ያሠቃየው ነበር። ለእኛ ለመሐንዲሶች ነገሩ ግልጽ ነው፤ የቁሱን ጠባይ ሳያውቁ በኃይል የሚያቃኑት ነገር ወይ ይሰበራል ወይ ተመልሶ ይጎብጣል። በልጁ ላይ የተረፈው ጣጣ ግን ከእግሩ ይልቅ በልቡ ነበር። አካሉ በሌሎች ሰዎች እጅ የሚታረም ጉድለት እንደሆነ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተማረ።

ሃሮ ከተባለው የመኳንንት ትምህርት ቤት ሳለ፣ በ1803፣ ሜሪ ቻዎርዝ የተባለች የጎረቤት ልጅ ወደደ። ልጅቱ ያን አንካሳ ልጅ ከቁም ነገር እንደማትቆጥረው ለገረዷ ስትናገር ሰምቶ በሌሊት ከቤቱ ሮጦ እንደወጣ ወዳጁና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ቶማስ ሙር ጽፏል። ነገሩ እንደተባለው ይሁን አይሁን፣ ባይረን ከዚያ በኋላ እግሩ እንዳይታይ ሰፋፊ ሱሪ ይለብስ፣ ሰው ባለበት ክፍል ሲገባም እርምጃው እንዳይታወቅበት ይጠነቀቅ ነበር። እግሩን መለወጥ አልቻለም፤ ሊለውጠው የሚችለው ነገር ክብደቱን ነበር።

የመጀመሪያው ዘመቻ

በ1805 ካምብሪጅ፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሲገባ ወፍራም፣ ዓይን አፋር ወጣት ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 ገደማ ሲሆን፣ በ1806 መጨረሻ ክብደቱ ከ91 ኪሎ በላይ ደርሶ ነበር። የእናቱን መልክ ሲያይ ነገ የራሱ መልክ ይህ እንደሚሆን ፈራ። ስለዚህ ለጠበቃው በጻፈው ደብዳቤ የሚታወቀውን ዘመቻ ጀመረ።

ዘዴው የሚያስደነግጥ ነው። 7 ሰደርያና አንድ ከባድ ካፖርት ደርቦ እየለበሰ፣ ላብ እስኪያጠልቀውና ኃይሉ እስኪደክም ድረስ ይሮጥ፣ ክሪኬትም ይጫወት ነበር። በየቀኑ በሙቅ ውሃ ይዘፈዘፋል። በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይበላል፤ ሥጋውም ከሩብ ፓውንድ፣ ማለትም ከ115 ግራም ገደማ አይበልጥም። ቁርስና እራት የለም። ቢራ ተወ፤ ወይን ጠጅ ቀነሰ፤ አልፎ አልፎም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይወስድ ነበር። በኤፕሪል 1807 ወደ 79 ኪሎ ወረደ፤ በዚያው በጋም ወደ 70 ኪሎ ተጠጋ። ወደ ካምብሪጅ ሲመለስ ጓደኞቹ ማን እንደሆነ ለይተው ማወቅ ቸገራቸው።

ባይረን በዚህ እጅግ ተደሰተ። ልብሱ ምን ያህል እንደተጠበበ፣ የጎን አጥንቱም እንዴት እንደሚቆጠር ለወዳጆቹ ይጽፍ ነበር። ዓይን አፋሩ ወጣት መልከ መልካም ተባለ፤ ሰዎች ፊታቸውን ወደ እርሱ አዞሩ። አንባቢ እዚህ ላይ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። በሽታው በዚህ መልክ ሲጀምር በሽታ አይመስልም፤ ጽናት፣ ቆራጥነት፣ ራስን መግዛት ይመስላል። የሚያየው ሁሉ ያመሰግነዋል። የሚያስፈራውም ምስጋናው ነው፤ ሰውየው የተመሰገነበትን ነገር እንዴት አድርጎ ይተወዋል?

ኮምጣጤና ሩዝ

በ1809 ወደ ፖርቱጋል፣ ስፔን፣ አልባንያ፣ ግሪክና ቱርክ ተጓዘ። ሜይ 3 ቀን 1810 እስያንና አውሮፓን የሚለየውን የሄሌስፖንት ወሽመጥ፣ ዛሬ ዳርዳኔል የሚባለውን፣ ኤከንሄድ ከተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ጋር በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ዋኝቶ ተሻገረ። ከግጥሙ ሁሉ ይልቅ በዚህ ይኮራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በውሃ ውስጥ አንካሳ የለምና።

ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ብርቱ ዋናተኛ አቴና ላይ በካፑቺን መነኮሳት ቤት ተቀምጦ ሳለ፣ በሳምንት 3 ጊዜ በሙቅ መታጠቢያ እያላበ፣ ኮምጣጤ በውሃ በጥብጦ እየጠጣ፣ ከጥቂት ሩዝ በቀር ምንም ሳይበላ ይሰነብት ነበር። በ1811 ወደ አገሩ ሲመለስ ከመርከብ ላይ ሆኖ ሥጋ መብላት እንደተወና ከአትክልት በቀር እንዳይዘጋጅለት ለእናቱ ጻፈ። እናቱ ግን ኒውስቴድ ሳይደርስ በዚያው ዓመት በኦገስት አረፈች።

በ1811 መጨረሻ ሳሙኤል ሮጀርስ የተባለ ባለቅኔ በቤቱ ግብዣ አድርጎ ባይረንን ከቶማስ ሙርና ከቶማስ ካምቤል ጋር አስተዋወቀው። ሾርባ ቀረበለት፤ አልፈልግም አለ። ዓሣ፣ ሥጋና ወይን ጠጅም እንደዚሁ። ብስኩትና ጋዝ ያለው ውሃ ብቻ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ በቤቱ ስላልነበረ ድንች ፈጭቶ በኮምጣጤ አርሶ በላ። ባይረን ከዚያ ግብዣ ከወጣ በኋላ በሴንት ጄምስ ጎዳና ወደሚገኝ ክበብ ሄዶ ሥጋ አስቀርቦ በደንብ እንደበላ ሮጀርስ ቆይቶ መስማቱን ይናገር ነበር። ሰዎች ይህን እንደ ቀልድ ያወሩታል፤ እኔ ግን የሚያስቅ ነገር አላየሁበትም። በሰው ፊት የማይበላ፣ ለብቻው ሲሆን ግን ረሃቡ የሚያሸንፈው ሰው አስመሳይ ነው ለማለት አይቻልም፤ የታመመ ሰው ነው።

የተራቡት ሠራተኞችና የተራበው ሎርድ

ይህ ክፍል የእኛን ሙያ በቀጥታ ይነካል። በ1811 እና በ1812 በኖቲንግሃም አውራጃ የሹራብና የካልሲ ሠራተኞች ኑሯቸውን ያበላሹባቸውን የሥራ መኪናዎች በሌሊት እየሰበሩ ነበር። መንግሥት መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣ የሚል የሕግ ረቂቅ አቀረበ። ባይረን ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1812 በሎርዶች ምክር ቤት የመጀመሪያ ንግግሩን ሲያደርግ ይህን ረቂቅ ተቃወመ። ሠራተኞቹ ወንጀል የሠሩት ስለተራቡ መሆኑን፣ ሕጉም ለተራበ ሰው ከዳቦ ይልቅ ገመድ የሚያቀርብ መሆኑን አስረዳ። ሕጉ ግን ጸደቀ።

ስለዚህ ንግግር ባነበብሁ ቁጥር የሚያስደንቀኝ አንድ ነገር አለ። በግድ ስለተራቡት ሰዎች የተሟገተው ሰው ራሱ በፈቃዱ የሚራብ ነበር። ረሃብን በሚያውቅ አገር የተወለድን ሰዎች በፈቃድ የሚመጣ ረሃብ ቅንጦት ሊመስለን ይችላል። የሌላው ሰው ልጅ የሚበላው አጥቶ ሲሞት ይህ ሰው ምን ጎድሎት ነው እንላለን። ነገር ግን በፈቃዱ የተጀመረው ረሃብ ከጊዜ በኋላ በሰውየው ፈቃድ ሥር እንደማይቆይ የባይረን ሕይወት ያሳያል። ሊያቆመው ቢፈልግ እንኳ አልሆነለትም።

ከዚህ ንግግር በኋላ ጥቂት ቀናት ቆይቶ፣ በማርች 1812፣ «ቻይልድ ሃሮልድ» የተሰኘው ረጅም ግጥሙ የመጀመሪያ ክፍሎች ታተሙ። የመጀመሪያው እትም በ3 ቀን ተሸጦ አለቀ። ባይረን በአንድ ሳምንት ውስጥ የለንደን መነጋገሪያ ሆነ። የገረጣ ፊቱና ቀጭን ወገቡ የባለቅኔ ሁሉ መልክ ተደርጎ ተቆጠረ፤ ወጣቶች አለባበሱንና አኳኋኑን ኮረጁ። አሁን መቅጠን የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የዝናው አካል ሆነ። ምግብ አእምሮን ያደነዝዛል፣ ረሃብ ግን ያጠራል ብሎ ያምን ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ደካማው እግሩ ክብደት መሸከም ስለማይችል እንደሆነ ወዳጁ ትሬላውኒ ይናገራል። ረሃቡን ለማስታገሥ ትምባሆ ያጨስ፣ ማስቲካም ያኝክ ነበር።

መውጣትና መውረድ

ጃንዋሪ 2 ቀን 1815 አናቤላ ሚልባንክን አገባ። በዲሴምበር 10 ሴት ልጃቸው አዳ ተወለደች። ከአንድ ወር ጥቂት ቀናት በኋላ ሚስቱ ልጇን ይዛ ሄደች። በኤፕሪል 1816 ባይረን በሐሜትና በዕዳ ተከቦ እንግሊዝን ለቀቀ፤ በሕይወቱም ተመልሶ አላያትም።

በዚያ ዓመት በስዊስ አገር በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ዲዮዳቲ በተባለ ቤት ተቀመጠ። በ1815 በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ አመድ ሰማዩን ሸፍኖ ስለነበር በጋው ቀዝቃዛና ዝናባማ ሆነ፤ ሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን»ን የጀመረችው በዚያን ወራት ከባይረን ጋር በነበረው ጨዋታ ነው። በዚያ ቤት የባይረን ምግብ እንዲህ ነበር፤ ጠዋት አንድ ስስ ቁራጭ ዳቦ ከሻይ ጋር፣ በምሳ ጥቂት አትክልትና ወይን ጠጅ ጠብ የተደረገበት የጠበል ውሃ፣ ማታ ወተትና ስኳር የሌለበት አንድ ስኒ አረንጓዴ ሻይ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቬኒስ ያገኘነው ሌላ ሰው ነው። በመጠጥ፣ በምግብና በሴሰኝነት ተጠምዶ ነበር። በኖቬምበር 1818 ከጠበቃው ጋር የመጣው የጠበቃው ልጅ ያየው ፊቱ የገረጣና ያበጠ፣ የእጁ መገጣጠሚያዎች በስብ የተዋጡ፣ ገና 30 ዓመት ሆኖት ሳለ 40 ያለፈው የሚመስል ሰው ነበር። ከዚያም ተመልሶ ወረደ። በፒዛ በ1822 ያየው ትሬላውኒ ለብዙ ቀን በብስኩትና በሶዳ ውሃ ብቻ ከቆየ በኋላ ቀዝቃዛ ድንች፣ ሩዝ፣ ዓሣና ቅጠላ ቅጠል በአንድነት ደባልቆ ኮምጣጤ እያፈሰሰበት በጥድፊያ እንደሚውጥ ጽፏል። በ1823 በጄኖቫ የጎበኘችው ሌዲ ብሌሲንግተን ልብሱ ሰፍቶት የተንጠለጠለበት፣ እጅግ የከሳ ሰው አገኘች።

ይህን መውጣትና መውረድ በወረቀት ላይ ብናነሣው ለመሐንዲስ ዓይን እንግዳ አይሆንም። መቆጣጠሪያው ከልክ በላይ ኃይለኛ፣ ምላሹም የዘገየ ሥርዓት ወደታሰበው ልክ አይረጋጋም፤ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ይሄዳል። እያንዳንዱ ውዝዋዜም ቁሱን ያደክመዋል። ሽቦን አንድ ጊዜ ብናጎብጠው አይሰበርም፤ ደጋግመን ስናጎብጠውና ስናቃናው ግን ይበጠሳል። የባይረንም አካል በዚህ ዓይነት ከ15 ዓመት በላይ ሲጎብጥና ሲቃና ኖረ።

ሚሶሎንጊ

በ1823 በቱርክ አገዛዝ ላይ የተነሡትን ግሪኮች ለመርዳት በገንዘቡ ጦር አሰናድቶ ሄደ። ጃንዋሪ 5 ቀን 1824 ረግረጋማ በሆነችው በሚሶሎንጊ ከተማ ሲደርስ በመድፍ ተኩስና በደስታ ተቀበሉት። ከለንደን ዊሊያም ፓሪ የተባለ የጦር መሣሪያ ባለሙያ ሮኬት ለመሥራት ተልኮለት ነበር፤ ነገር ግን ለሥራው የሚያስፈልገው ቁሳቁስ ስላልተሟላ ሮኬቱ አልተሠራም። በርቀት አገር ፕሮጀክት የሠራ ባልደረባ የፓሪን ችግር ሳልነግረው ያውቀዋል። ባይረንና ፓሪ ግን ተዋደዱ።

በዚህ ሁሉ ጭንቀት መካከል፣ ወታደሮቹ ደመወዝ ሲጠይቁ፣ አለቆቹ ሲጣሉ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ ሲዘንብ፣ የጦር አዛዡ ባይረን ጠዋት ጠዋት የእጁን አንጓና ወገቡን ይለካ እንደነበር ያከመው ሐኪም ሚሊንገን ጽፏል። ትንሽ የጨመረ በመሰለው ቀን ሆድ የሚያጸዳ ጨው በብዛት ይወስድ ነበር። የሴንት ጄምስ ጎዳና ሚዛን ሩቅ ነበር፤ ሚዛኑን ግን በልቡ ይዞት ሄዷል።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን በድንገት ተንዘፍዝፎ ወደቀ። ኤፕሪል 9 ቀን በፈረስ ሲሄድ ዝናብ መታው፤ ትኩሳት ያዘው። ብሩኖና ሚሊንገን የተባሉት ሐኪሞቹ ደም እንዲወጣለት ወተወቱት። ለብዙ ቀን እምቢ አለ፤ በመጨረሻ ተሸንፎ ፈቀደ፤ እነርሱም ደጋግመው አደሙት። በረሃብ በደከመ አካል ላይ ደም ማፍሰስና የሚያስቀምጥ መድኃኒት መደራረብ ምን እንደሚያመጣ ዛሬ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ኤፕሪል 18 ቀን 1824 የትንሣኤ በዓል ነበር። በዚያ ዓመት የምሥራቁና የምዕራቡ ፋሲካ በአንድ ቀን ውሏል። ግሪኮች በዓሉን በተኩስ ያከብሩ ስለነበር በሽተኛው እንዳይረበሽ ፓሪ የመድፈኛውን ጓድ ከከተማው ውጭ ይዞ ወጣ፤ ሕዝቡም ተከተለው። ባይረን በማግሥቱ ሰኞ፣ እኛ ማዕዶት በምንለው ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 1816 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ አረፈ። ለዕድሜው 37 ጊዜ መድፍ ተተኮሰ፤ የፋሲካው በዓል ተቋረጠ፤ ለ21 ቀን ሐዘን ታወጀ። ከተማው ሁሉ ጾሙን ፈትቶ በነበረበት ሰዓት፣ ፋሲካ የሌለው ጾም ሲጾም የኖረው ሰው ሄደ።

አስከሬኑ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ዌስትሚንስተር አቤይ አልቀበልም ስላለ በኖቲንግሃም አውራጃ በሃክናል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በአቤይ የመታሰቢያ ድንጋይ የተደረገለት በ1969 ነው።

ከእርሱ በኋላ የታወቀው

በሞተ ሰው ላይ ከ200 ዓመት በኋላ የበሽታ ስም መለጠፍ ጥንቃቄ ይሻል። ይሁንና ስለ ባይረን የጻፉ አንዳንድ ሐኪሞች የአመጋገብ መቃወስ እንደነበረበት ያምናሉ። እንዲህ ያለው ሕመም ወንዶችን እንደሚይዝ ከጥንት ጀምሮ ሳይታወቅ አልቀረም። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን በ1689 ስለዚህ ሕመም ሲጽፍ ካቀረባቸው ሁለት በሽተኞች አንዱ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። ዊሊያም ገል በ1873 አኖሬክሲያ ኔርቮሳ የሚለውን ስም ሰጠ። ጄራልድ ራስል በ1979 ቡሊሚያ ኔርቮሳን፣ ማለትም ከልክ በላይ መብላትንና የበሉትን በማስመለስ ወይም በማስቀመጫ መድኃኒት ማስወጣትን ለይቶ ገለጸ። ነገር ግን ለረጅም ዘመን ከአኖሬክሲያ መለያ ምልክቶች አንዱ የወር አበባ መቋረጥ ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ ወንዱ በመለኪያው አሠራር ብቻ ከቁጥር ውጭ ይሆን ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን መመዘኛ ያነሣው በ2013 ነው። ልብ በሉ፤ መሣሪያው ወንድን እንዳይለካ ሆኖ ከተሠራ በኋላ ወንድ አይታመምም ማለት የመሣሪያውን ጉድለት የተፈጥሮ ሕግ ማድረግ ነው።

ሕመሙ ዘወትር በመቅጠን ምኞት አይገለጥም። ጡንቻው እያለ የኮሰሰ የሚመስለው፣ ቀንና ሌሊት ብረት ሲያነሣ የሚውል ወንድም አለ። ይህም ከ1990ዎቹ ወዲህ በሕክምና ተለይቶ ታውቋል።

ስለ ረሃብና ስለ አእምሮ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ከ1944 እስከ 1945 የተደረገው ምርመራ ነው። አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ በፈቃዳቸው የቀረቡ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን ለ24 ሳምንት ምግባቸውን እጅግ ቀንሶ አቆያቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያ የሚበልጠው ግን በጠባያቸው የደረሰው ነበር። ከሰው መሸሽ ጀመሩ፤ ተበሳጩ፤ አዘኑ፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ማሰብና የወጥ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ ሆነ ሥራቸው። ምግብ ሲመለስላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ሆዳቸው ሞልቶ ረሃባቸው አልጠፋ አለ። ባይረን በድብቅ መብላቱ የፈቃድ ድካም ሳይሆን የተራበ አካል የሚሰጠው ምላሽ እንደነበር ከዚህ እንረዳለን።

መዝጊያ

ባይረን በአንድ ወሯ ከተለያት በኋላ ዳግመኛ ያላያት ልጁ አዳ ሎቭሌስ የሒሳብ ሊቅ ሆነች። በ1843 በቻርልስ ባቤጅ የሒሳብ መኪና ላይ የጻፈችው ማብራሪያ የመጀመሪያው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚገኝበት ነው ይባላል፤ ዛሬም በስሟ የሚጠራ የፕሮግራም ቋንቋ አለ። በ1852 እንደ አባቷ በ36 ዓመቷ ስትሞት በፈቃዷ ከአጠገቡ ተቀበረች። አባትየው የካልሲ መኪና ለሰበሩት ሠራተኞች ተሟገተ፤ ልጅቱ ገና ላልተሠራ መኪና ሥራ ጻፈች።

ይህን ታሪክ ለምን እንደጻፍሁ አሁን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ አብሮኝ የነበረ ባልደረባ ነበር። በተማሪነቱ ወፍራም ስለነበር በውፍረቱ የተሰጠውን ቅጽል ስም ሥራ ቦታ ድረስ ይዞት መጣ። ቅጽል ስሙን ከሚጠሩት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከዚያ መክሳት ጀመረ። ጎህ ሳይቀድ ይሮጣል፤ በቀን አንድ ጊዜ ይቀምሳል። እኛም ጀግና አልነው። ገበታ ሲቀርብ ጾም ነኝ ይላል፤ በአገራችን ጾመኛን ለምን አትበላም ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሠርግና ክርስትና መሄድ ተወ፤ እዚያ ብላ፣ ጨምር የሚሉ እናቶችና ጉርሻ የሚያጎርሱ እጆች አሉና። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቀያሽ መሣሪያው አጠገብ ወደቀ። በሐኪም ቤት አልጋ አጠገብ ስቀመጥ የነገረኝን ሁሉ አልጽፈውም፤ ከአራት ዓመት በላይ ማንም ወንድ ይህን ጠይቆት እንደማያውቅ ግን ነግሮኛል። ዛሬ ደኅና ነው። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አንብቦ ፈቅዶልኛል።

ጾም መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከሰው ጋር ይጀመራል፤ ከሰው ጋር ይፈታል። የዚያ ባልደረባዬና የባይረን ግን ብቻቸውን የጀመሩት፣ መፍቻ ቀን የሌለው ነበር። ልዩነቱን ማስተዋል የእኛ ፈንታ ነው። በባህላችን ወፈርህ ማለት ምርቃት፣ ከሳህ ማለት ሐዘኔታ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም ቃላት እንደ ሰሚው ጆሮ ሊወጉ ይችላሉ። ስለዚህ ባልደረቦቼን የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በሰው አካል ላይ ቅጽል ስም አናውጣ። መክሳቱን ከማድነቃችን በፊት እንዴት ሰነበትህ ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም ቆመን እንስማ። ከገበታ የሚሸሽ፣ በግርዶሽ የሚበላ፣ ሚዛኑ ካልፈቀደለት ቀኑ የሚበላሽበት ሰው ብናይ ወደ ሐኪም እንዲሄድ እናግዘው፤ ሕመሙ የሚታከም ነውና።

እኛ መሐንዲሶች መለኪያን እናከብራለን። ነገር ግን የምናከብረው መለኪያ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ስናውቅ ነው። የሴንት ጄምስ ጎዳናው ሚዛን የተሠራው ቡና ለመመዘን ነበር። ቡናውን በትክክል መዝኗል፤ የባይረንንም ኪሎ በትክክል መዝኗል። ከዚያ አልፎ ሰውየው ምን ያህል እንደሚያወጣ እንዲናገር የጠየቀው ባይረን ራሱ ነው።